ስንት ገባ?

ነገሩ የጀመረው በሩዝ ነው። ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ሐይቅ ከተማ፣ እናቴ ቤት ሄጄ ነበር። ነጠላዋን ልጠብላት ብዬ ሳነሳው ጫፉ ላይ የተቋጠረ ነገር አገኘሁ። ሳንቲም መሰለኝ። ስፈታው ጥሬ ሩዝ ነው። አንድ እፍኝ የሚሆን፣ በደንብ የተለቀመ ጥሬ ሩዝ።

«እማ፣ ይሄ ምንድነው?»

«ኧረ ተይኝ» አለችና ፊቷን አዞረች። የ58 ዓመት ሴት እንደ ልጅ አፈረች። «ካልቆረጠምኩት አላርፍም። ሌሊት ሁሉ ያምረኛል። ለሰው እንዳትነግሪ።»

ይኸው ለሰው እየነገርኩ ነው። ፈቅዳልኛለች።

እኔ ደሴ አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ ላብራቶሪ ነው የምሠራው። አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። ጥሬ ሩዝ፣ አፈር፣ ጠመኔ ወይም በረዶ የሚያምራት ሴት መስኮቴ ላይ ስትቆም፣ ደሟን ሳልቀዳ ውጤቱን በልቤ እጽፈዋለሁ። የብረት እጥረት እንዲህ ያለ አምሮት ያመጣል። ለምን እንደሆነ ማንም አጥርቶ አልነገረኝም፣ ግን ስንቴ አይቼዋለሁ። የገዛ እናቴን ግን አላየኋትም። ዳገት ስትወጣ መሐል ላይ ቆማ «እስቲ አየር ልውሰድ» ስትል፣ እርጅና ነው ብዬ አልፌዋለሁ። እጇ በረዶ ሲሆን የጥቅምት ብርድ ነው ብያለሁ። ያን ቀን የታችኛውን የዓይኗን ሽፋን ወደ ታች ሳብ አድርጌ አየሁት። ቀይ መሆን ያለበት ቦታ ነጭ ወረቀት ነው።

ቦርሳዬ ውስጥ ሁልጊዜ አንድ ሁለት ሐምራዊ ክዳን ያላት ቱቦ አትጠፋም። እዚያው መደብ ላይ አስቀምጬ ቀዳኋት። ከሐይቅ ደሴ በሚኒባስ ሩቅ አይደለም፣ ግን ያን ቀን ቱቦዋን እንደ እንቁላል ታቅፌ ነው የሄድኩት። አጠገቤ የተቀመጡ አዛውንት «ልጄ፣ ወርቅ ነው እንዴ?» አሉኝ።

ውጤቱ ይኸው፦ ሄሞግሎቢን፣ ደምን ቀይ የሚያደርገውና ኦክስጅን የሚሸከመው ነገር፣ በአንድ ዴሲሊትር ደም 7.4 ግራም። የቀይ ሴሎቿ ትልቅነት፣ እኛ ኤምሲቪ የምንለው፣ 64። ጤነኛ ሰው ከ80 እስከ 100 ነው። ስላይዱን በማይክሮስኮፕ አየሁት። ሴሎቹ ትንንሽ ናቸው፤ መሐላቸው ገርጥቶ ዳር ዳሩ ብቻ ቀለም ይዟል፤ ቀለበት ነው የሚመስሉት። አንዳንዱ ደግሞ እንደ እርሳስ ቀጥኖ ረዝሟል። በሰውነት ውስጥ የተቀመጠውን ብረት የሚናገረው ፌሪቲን ደግሞ 6 ወጣ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ከ15 በታች ከሆነ ጎተራው ባዶ ነው ይላል። የእናቴ ጎተራ ተጠርጎ ነበር ማለት ነው።

7.4 ራሱ ትንሽ ያታልላል። እርጉዝ ላልሆነች ሴት የደም ማነስ የሚባለው ከ12 በታች ሲሆን ነው፤ ይሄ ግን ለባህር ወለል ነው። ሐይቅ ወደ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ደሴ ደግሞ ወደ 2,500። አየሩ ሲሳሳ ሰውነት ለማካካስ ደም ይጨምራል። ስለዚህ እኛ ሰፈር ወሰኑ ራሱ በአንድ ግራም ገደማ፣ ደሴ ላይ ደግሞ ከዚያም በላይ ከፍ ይላል። ደጋ ላይ 7.4 ያላት ሴት ባህር ዳርቻ ካለች 7.4 የበለጠ ጎድሎባታል። ይሄንን በውጤት ወረቀት ላይ የሚጽፍ ግን ብዙ አላየሁም።

ወደ አንድ ጤና ተቋም ወሰድኳት። ስሙን ተዉት። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ትሁት ነው፣ በጣም ተጣድፏል። ውጤቱን አየ፣ «የብረት እጥረት ነው» አለ፣ ልክ ነው። «ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ብሎ ጠየቃት። «የለም» አለች። ይቺን «የለም» ያዙልኝ። ፌረስ ሰልፌት የሚባለውን የብረት ኪኒን በቀን አንድ፣ 90 ፍሬ ጻፈላትና «ከሦስት ወር በኋላ ይመለሱ» አለ።

ሦስት ወር! ዘር ዘርቶ እስከ አጨዳ ድረስ ማሳውን ዞር ብሎ የማያይ ገበሬ አላውቅም። በቀለ ወይስ አልበቀለም ብሎ በሳምንቱ ሄዶ ያያል። ካልበቀለ ይገለብጠዋል፣ ሌላ ይዘራል። ለደም ግን ዘጠና ኪኒን በፌስታል እንሰጥና ሰውን ወደ ቤቱ እንሸኛለን። በሦስተኛው ወር ሲመለስ ያው ነው። «ሌላ ሦስት ወር» ይባላል። እንዲህ እየተባባለ ዓመት የሞላቸው ሴቶች አውቃለሁ። እኔ ራሴ ነኝ ያንኑ ቁጥር ደጋግሜ የጻፍኩላቸው።

ሐኪም አይደለሁም። መድኃኒት አላዝም። ግን ደም መቁጠር ሥራዬ ነው፣ እናቴም እናቴ ናት። ስለዚህ ሦስት ወር አልጠብቅም አልኩ።

ብረት ሲገባ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ምን መታየት አለበት? ቅድሚያ የሚለወጠው ሰውየው ራሱ ነው። ብረት ለደም ብቻ አይደለም የሚሠራው፤ ሌሎች የሰውነት ሴሎችም ይፈልጉታል። ስለዚህ ሄሞግሎቢኑ ንቅንቅ ሳይል፣ በሁለትና በሦስት ቀን «እስቲ ዛሬ ደህና ነኝ» የሚል ሰው ይኖራል። ምግብ ያምረዋል። ንጭንጩ ይቀንሳል። ከዚያ ደም የሚሠራው የአጥንት መቅኔ ይነቃል። ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው ቀን ባለው ጊዜ አዳዲስ ቀይ ሴሎችን ወደ ደም መላክ ይጀምራል፤ ከሰባተኛው እስከ አሥረኛው ቀን ገደማ ጎርፉ ጫፍ ላይ ይደርሳል። እነዚህ ጨቅላዎች ሬቲኩሎሳይት ይባላሉ። እኛ ላብራቶሪ ውስጥ «ሬቲክ» ነው የምንላቸው፤ እኔ ብቻዬን ስሆን «ጩጬዎቹ» እላቸዋለሁ። ሄሞግሎቢን ከእነሱ በኋላ ነው ቀስ እያለ የሚነሳው።

ሬቲክ መቁጠር ከሁሉም ሥራዬ የምወደው ነው። ትልልቆቹ ማሽኖች ራሳቸው ይቆጥራሉ፤ የእኛዋ አትችልም። ትንሽ ደም ከሰማያዊ ቀለም ጋር በቱቦ ውስጥ ትቀላቅያለሽ። አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ትተዪዋለሽ። ከዚያ መስታወት ላይ ስስ አድርጎ ማስመር ነው። ያደገው ቀይ ሴል ልሙጥ ሆኖ ይታያል። ጩጬው ግን ሆዱ ውስጥ የተጠላለፈ ሰማያዊ ክር አለው፤ ከመቅኔ ሲወጣ ይዞት የመጣው የሥራ ትርፍራፊ ነው። በአንድ ሁለት ቀን ይጠፋለታል። አንድ ሺህ ሴል ትቆጥሪያለሽ። በግራ እጄ የመቁጠሪያዋን ቁልፍ እጫናለሁ፦ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። እናቴ አንድ ቀን መጥታ አይታኝ «አንቺም እንደኔ ሙስበሃ ይዘሻል» ብላ ሳቀች።

በስምንተኛው ቀን ደሟን አስመጣሁ። ወንድሜ ነው ይዞት የመጣው። ቀለም አስገባሁ፣ ጠበቅኩ፣ ቆጠርኩ። 1.1 ከመቶ። ምንም የለም። በጤነኛ ሰው ከ0.5 እስከ 2.5 ድረስ ያለ ነው፤ ሄሞግሎቢኑ 7.4 ለሆነና ብረት ለጀመረ ሰው ግን 1.1 ማለት መቅኔው ተኝቷል ማለት ነው። ቀለሙ አርጅቶ ይሆናል ብዬ ሌላ ጠርሙስ ከፈትኩ። የሥራ ባልደረባዬን ቁጠርልኝ አልኩት፤ 1.2 አለኝ።

በአሥራ አራተኛው ቀን ሄሞግሎቢን 7.5። ይቺ 0.1 ምንም አይደለችም። ያንኑ ደም ሁለቴ ብታስገቢው ማሽኑ ራሱ በ0.2 ይለያያል።

ለምን በአሥራ አራተኛው ቀን? በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት አለ፤ አምስት የሙከራ ጥናቶችን አንድ ላይ አድርጎ የመረመረ። በአፍ ብረት ከጀመሩ ሰዎች መካከል በአሥራ አራተኛው ቀን ሄሞግሎቢናቸው በአንድ ግራምና ከዚያ በላይ የጨመረላቸው፣ ወደ ፊትም በኪኒኑ የመዳን ዕድላቸው ጥሩ ነው። ያልጨመረላቸውን ግን ምን ሆነ ብሎ መጠየቅ፣ ካስፈለገም በደም ስር ወደሚሰጠው ብረት መሻገር ይሻላል። ሁለት ሳምንት፣ አንድ ግራም። ለመያዝ ቀላል ነው።

የእናቴንም ሒሳብ በእስኪርቢቶ ሠራሁት። 52 ኪሎ ናት። ደሟ ወደ 3.3 ሊትር ይሆናል፣ 33 ዴሲሊትር ማለት ነው። ሄሞግሎቢኗ በአንድ ግራም እንዲያድግ 33 ግራም አዲስ ሄሞግሎቢን ያስፈልጋታል። አንዱ ግራም 3.4 ሚሊግራም ገደማ ብረት ይበላል። ሲባዛ 112 ሚሊግራም። አንዱ የፌረስ ሰልፌት ፍሬ ውስጥ ያለው ንጹህ ብረት ደግሞ 65 ሚሊግራም ነው። ከዚያ ውስጥ 8 ሚሊግራሟ ብቻ ወደ ደም ብትገባ፣ በ14 ቀን 112 ይሞላል። 8 ከ65 ብዙ አይደለም፣ የተራበ ሰውነት ከዚያ በላይም ይወስዳል። እና የእናቴ ስምንት ሚሊግራም የት ሄደች?

ቅዳሜ ሐይቅ ወረድኩ። ምንም አልተናገርኩም። ዝም ብዬ ቁጭ አልኩ።

ወሎ ውስጥ ቡና ምን እንደሆነ ለወሎዬ አልነግርም። ለሌላው ግን፦ እናቴ ቤት ቡና ሲፈላ ዱዓ አለ። ዕጣኑ ይጨሳል፣ ጎረቤት ይጠራል፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ይመጣል፣ የታመመ ይታወሳል፣ የሄደ ይመረቃል። አቦሉ ተቀዳ። እናቴ እጇን ዘርግታ ለእኔ ትዳር፣ ለወንድሜ ሥራ፣ ለአገር ሰላም ለመነች። «አሚን» አልን። ቶናው ተቀዳ። ያኔ ከትራሷ ስር ትንሿን ፌስታል አወጣች። ኪኒኑን ምላሷ ላይ አስቀመጠች። የቶናውን ስኒ አነሳችና ፉት አለችበት። ግጥም። ከዚያ ስኒውን ረከቦቱ ላይ መልሳ፣ በዓይኗ «አየሽ፣ እየወሰድኩ ነው» አለችኝ።

ወላሂ፣ ልስቅ ነው ላለቅስ ነው ያልኩት።

«እማ፣ ሁልጊዜ በቡና ነው የምትውጪው?»

«ታዲያ በምን ልዋጠው? ውሃማ ጉሮሮዬ ላይ ይቀራል። ደግሞ ዱዓ የተደረገበት ነው፣ ይፈውሳል ብዬ።»

ቡናና ሻይ ውስጥ ብረትን አንጀት ላይ አንቀው የሚይዙ ነገሮች አሉ። በ2023 እ.ኤ.አ. ዙሪክ ያሉ ተመራማሪዎች ይሄንን በኪኒን መልክ በሚሰጥ ብረት ላይ ለኩት። ኪኒኑን በቡና የወሰዱት፣ በውሃ ከወሰዱት ይልቅ ወደ ሰውነታቸው የገባው ብረት በ54 ከመቶ አነሰ። ከቁርስና ከቡና ጋር ሲሆን በ66 ከመቶ። ኪኒኑ ያለ ቡና፣ ከቫይታሚን ሲ ጋር ሲወሰድ ግን በ30 ከመቶ ጨመረ። ያ ደግሞ የእነሱ ቡና ነው። የእናቴን ጀበና አላዩም። የእሷ ከቂጣ ጋር፣ ከቆሎ ጋር ነው።

እዚህ ላይ ነው ጥንቃቄ ያስፈለገኝ። እናቴን «ቡና ተዪ» ብላት ኪኒኑን ትተዋለች፣ ቡናውን አትተውም። ለሷ ቡናው ሰፈሯ ነው። ስለዚህ ቡናውን ሳልነካ የኪኒኑን ሰዓት አነሳሁ። ሱብሂ ሰግዳ ስትነሳ፣ ሆዷ ባዶ ነው፣ እሳትም ገና አልነደደም። ያኔ በአንድ ብርጭቆ ውሃ፣ ግማሽ ሎሚ ተጨምቆበት። ቡናው ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው የሚደርሰው። «ከሱብሂ ጋር ከሆነማ አልረሳውም» አለች። ሎሚው ከጓሮ ነው፣ የሚገዛ ነገር የለም።

ለራሴም አንድ ነገር አመንኩ። ኪኒኑን ስሰጣት «በምን ትውጪዋለሽ?» ብዬ አልጠየቅኳትም። አሥራ አንድ ዓመት ላብራቶሪ ቆሜ። ያን ሐኪም ስወቅስ ከርሜ።

ከዚያ እንደገና ቀን መቁጠር። በአምስተኛው ቀን ደወለችልኝ። ስለ ልብስ ስታወራ ቆይታ፣ ልትዘጋ ስትል «እሱ ነገር እኮ ተወኝ» አለች። «የቱ ነገር?» «ሩዙ!» ብላ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። ሌላ ምርመራ ባይኖረኝ ኖሮ ይቺ ትበቃኝ ነበር። አምሮቱ ብዙ ጊዜ ሄሞግሎቢኑ ሳይነሳ በፊት ነው የሚሄደው።

በስምንተኛው ቀን ስላይዱን አስቀምጬ ሌንሱን ሳስተካክል፣ ገና የመጀመሪያው እይታ ላይ አራት ጩጬ። ቀጥሎ ሦስት። ቀጥሎ አምስት። የመቁጠሪያዋ ቁልፍ አላረፈም። 6.4 ከመቶ። የደሙ መጠን ራሱ ሲያንስ መቶኛው ስለሚጋነን ማስተካከያ አለው፦ ሄማቶክሪቷ፣ ማለትም ከደሟ ውስጥ የቀይ ሴሎቹ ድርሻ፣ 24 ከመቶ ነበር፤ እንደ ጤነኛ የሚያዘው 45 ነው፤ 6.4 በ24 ተባዝቶ ለ45 ሲካፈል 3.4። እሱም ቢሆን ጥሩ ነው። መቅኔዋ ነቅቷል። ባልደረባዬን ጠርቼ አሳየሁት። «ማሻ አላህ፣ ዩኒፎርም ለብሰው የወጡ ተማሪዎች ይመስላሉ» አለ።

በአሥራ አራተኛው ቀን 8.8። ከ7.5 ተነስታ፣ 1.3 ጨመረች። ስደውልላት ሰላምታ እንኳን አላስጨረሰችኝም።

«ስንት ገባ?»

ሰኞ ገበያ ጤፍ ስንት ገባ እንደሚባለው ነው የምትጠይቀው። «ስምንት ነጥብ ስምንት ገባ» አልኳት። «አልሐምዱሊላህ፣ ይወደድ ይወደድ» አለች። ነገር ሲወደድ እናቴ ስትደሰት ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ብጨርሰው ቆንጆ ተረት ይሆን ነበር። ቡናው ጥፋተኛ፣ ሎሚው ጀግና። ግን ቀጣዩ ሁለት ሳምንት ሌላ ነገር አመጣ።

ከአሥር ከፍ ይላል ብዬ ስጠብቅ 9.0 መጣ። በሁለት ሳምንት 0.2። ኪኒኑን በትክክል እየወሰደች ነው፣ ወንድሜ ምስክር ነው። ሬቲኳም ከፍ እንዳለ ነው። መቅኔው እየሠራ ደሙ የማይጨምር ከሆነ፣ የሚገባው በሌላ በኩል እየወጣ ነው ማለት ነው። የቀዳዳ እንስራ ነገር። ኪኒን የማይሠራው እኮ በጥቂት ምክንያት ነው፦ አልተዋጠም፣ ተውጦ አልገባም፣ ገብቶ እየፈሰሰ ነው፣ ወይም ከመጀመሪያው በሽታው ሌላ ነው። ሁለቱን አልፈናል። የወር አበባዋ ከቆመ ስድስት ዓመት ሆኗታል። ሰገራዋን አይቻለሁ፣ ትል የለም። የቆላ ሰው ብትሆን ግን መጀመሪያ እሱን ነው የምጠረጥረው፤ መንጠቆ ትል ደም ይጠጣል። በዚህ ዕድሜ ያለች ሴት ደሟ ሲጎድል የት እየሄደ እንደሆነ ሳይታወቅ ኪኒን ብቻ መስጠት አይበቃም። ይሄም ገና ጥቅምት ላይ መጠየቅ ነበረበት።

«እማ፣ ሰሞኑን ምን አዲስ ነገር አለ?»

«ምን አለ... ደህና ሆኛለሁ። ገበያ በእግሬ መሄድ ጀምሬያለሁ። እህቴ ጋም ወጣሁ። ጉልበቴ ብቻ ነው የሚያሠቃየኝ።»

«ለጉልበትሽ ምን ታደርጊያለሽ?»

«ያቺን ማስታገሻ ነዋ።»

ዲክሎፌናክ። ከመድኃኒት ቤት፣ ያለ ማዘዣ፣ ስትፈልግ በቀን ሁለት። ከሁለት ዓመት ወዲህ። «ታዲያ ሐኪሙ ሲጠይቅሽ ለምን የለም አልሽ?» አልኳት። «እሱ የጠየቀኝ መድኃኒት ነው። ይሄ ማስታገሻ ነው፣ መድኃኒት ነው እንዴ?» አለችኝ። ያቺ «የለም» ይቺ ናት። በሷ ቤት መድኃኒት ማለት የሚያድን ነገር ነው። ማስታገሻ ሌላ ነው። ልክ ናት እኮ፣ በቋንቋው።

ነገሩ ሲገጣጠም ያበሳጫል። ብረቱ ሠራላት፣ ጉልበት አገኘች፣ ስለዚህ መሄድ ጀመረች፣ ስትሄድ ጉልበቷን አመማት፣ ሲያማት ማስታገሻውን ጨመረች፣ ማስታገሻው ጨጓራዋን አደማ። ደግሞ የሚደብቅ ነገር ነበር። ብረት የሚወስድ ሰው ሰገራው ይጠቁራል። እኔው ነኝ «አትደንግጪ፣ ከኪኒኑ ነው» ያልኳት። ከጨጓራ የሚፈስ ደምም ሰገራን ያጠቁራል። ልዩነት አላቸው፦ የብረቱ ጥቁር ወደ አረንጓዴ የሚያደላ፣ ያው እንደወትሮው የሚወጣ ነው። የደሙ እንደ ሬንጅ የሚያጣብቅ፣ የሚያብለጨልጭ፣ ሽታውም ቤት የሚያስለቅቅ ነው። ይሄንን ልዩነት ነግሬያት ኖሮ ቶሎ ትነግረኝ ነበር። ሳፍራት ዝም አልኩ፣ እሷም አፍራ ዝም አለች። እናትና ልጅ ስለ ሰገራ አያወሩም። ያውሩ!

ደሴ ሌላ ሐኪም ጋ ወሰድኳት። ትልቅ ሴት ናቸው፣ ቁጥሮቹን በተርታ የጻፍኩበትን ወረቀት መነጽራቸውን አውልቀው አነበቡት። 7.4፣ 7.5፣ 8.8፣ 9.0። «ይሄ ወረቀት ከአንቺ በላይ ይናገራል» አሉኝ። በእንዶስኮፒ፣ በአፍ በሚገባው የካሜራ ቱቦ፣ ጨጓራዋ ላይ ቁስል ታየ። የሰገራ ምርመራ ደግሞ ኤች ፓይሎሪ አለባት አለ። ይሄ ባክቴሪያ ራሱ ብረት በደንብ እንዳይገባ ያደርጋል፤ ስለዚህ እሱን ማከም ለሁለቱም ነው። ዲክሎፌናኩ ቆመ። የባክቴሪያው መድኃኒት ለሁለት ሳምንት፣ ኦሜፕራዞል ደግሞ ለጥቂት ሳምንታት ተሰጣት። ኦሜፕራዞል የጨጓራን አሲድ ስለሚቀንስ ብረት መግባቱን ያዳክመዋል፤ ዶክተሯ ግን «መጀመሪያ ቀዳዳው ይደፈን» አሉ። ኪኒኑ ሆዷን ስለሚበላትም ቀን እያለፈች እንድትወስድ አደረጉ። ይሄም መሠረት አለው። ብረት ሲገባ ጉበት ሄፕሲዲን የሚባል ነገር ይለቃል፣ እሱም ለአንድ ቀን ያህል በሩን ጠበብ ያደርገዋል። ቀን ተዘልሎ ሲወሰድ፣ ከአንዱ ፍሬ የሚገባው ይበልጣል።

እናቴ ይሄን ወዲያው ተረዳችው። «ላምም ጠዋት ማታ አይታለብም እንዴ፣ መሐል ላይ ያርፋል» አለች። ምሳሌው በደንብ አይገጥምም፣ ግን አልከራከርኳትም።

የተረፈው ቀስ እያለ መጣ። 9.9። 10.8። ጥር መጨረሻ ላይ 12.1። ስላይዱም አብሮ ተለወጠ። መሐል ላይ አንድ ጊዜ በጣም ደስ የሚል ነበር፦ የድሮዎቹ ገርጣታ ትንንሾችና አዲሶቹ ደልደል ያሉ ቀዮች እኩል እኩል ሆነው፣ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ደም የተቀላቀለ ይመስላል። ቀይ ሴል ወደ 120 ቀን ይኖራል፤ ስለዚህ አሮጌዎቹ ሲሰናበቱ አዲሶቹ ቦታ እየያዙ ነበር።

ጎረቤቶች በዚህ መሐል ቀይ ስር ሲያመጡላት ከረሙ። ቀይ ስለሆነ ደም ይሆናል ነው ነገሩ። ትጠጣው፣ ምንም አይላትም፣ ብረቱ ግን ጥቂት ነው። ጤፍስ የሚል አለ። ጤፍ ብረት አለው፣ በተለይ ቀዩ። ግን ከሚለካው ብረት ብዙው አውድማ ላይ ሲወቃ ከአፈሩ የገባ ነው፣ አንጀትም ያን አይፈልገውም። ሊጡ በደንብ ከቦካ የጤፉ ብረት በተሻለ ይገባል። እኔ ብጠየቅ ጉበትና የሐይቁን ዓሣ እመርጣለሁ። ጎተራው ባዶ ለሆነ ሰው ግን ምግብ ብቻውን ዓመት ይፈጃል።

12.1 ሲመጣ እናቴ ፌስታሉን ልትጥለው ነበር። «ሞላ እኮ!» አልሞላም። ደሙ ነው የተነሳው፣ ጎተራው ገና ነው። ሄሞግሎቢን ከተስተካከለ በኋላ ሦስት ወር ገደማ ይቀጠላል፤ አለዚያ በትንሽ ነገር ተመልሶ ይወርዳል። ደግሞ 12.1 ለሐይቅ ከፍታ ገና አፋፍ ላይ ነው። ረመዳን ሲገባ የኪኒኑ ሰዓት ተናጋ። ለሱሁር ከሁሉም ቀድማ ትነሳለች፣ በሎሚ ውሃዋ ትውጠዋለች፣ ከዚያ ቤተሰቡን ለመቀስቀስ ጊዜ ትወስዳለች፣ ምግቡ እስኪቀርብ ሰዓት ያልፋል። ማንም አልነገራትም፣ ራሷ ነው የዘየደችው። የሚቀጥለው ምርመራ ፌሪቲን ነው፣ ሚያዝያ ላይ።

ትናንት ማታ ደወለች። እኔ ስለ ፌሪቲኑ መስሎኝ ነበር።

«ያቺ የጎረቤት ሙሽራ አርግዛለች፣ አውቀሻል? ጤና ጣቢያ ቀይ ኪኒን ሰጥተዋታል። ዛሬ እኔ ቤት ቁጭ ብላ በቶና ልትውጠው!»

«ምን አልሻት?»

«ስኒዋን ቀማኋታ። አሁን እያለቀሰች ቤቷ ገብታለች፣ እናቷም አኩርፋኛለች። እንግዲህ ቅዳሜ ስትመጪ ያቺን ሐምራዊ ቱቦ ይዘሽ ነይ። ከአሁኑ ስንት እንደገባች እንወቅ።»